የዳበል ወተት

ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ማለዳ ጤናዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ በቆሎዋ መሐል ገባች። በኬንያው ሞያሌ፣ ሄሉ ዳገት ላይ ያለችው ይህች ቁራሽ መሬት ለሦስት ዓመት ከአቧራ በቀር የሰጠቻት ነገር አልነበረም። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። አገዳው አጭር ነው፤ ግማሹ ጭራሽ ፍሬ አልያዘም። እሷ ግን ጸጉሩ የጠቆረውን እየመረጠች ቅርፊቱን ገለጥ ታደርግና ፍሬውን በጥፍሯ ትጫነዋለች። ውሃ ከረጨ መልሳ ትሸፍነዋለች። ወተት ከረጨ ትሰብረዋለች።

ልጇ ሊና ኪዮንዶውን በሁለት እጇ ከፍታ ከኋላዋ ትከተላለች። ኪዮንዶ የኬንያ ሴቶች ትከሻቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የቃጫ ቅርጫት ነው። የጤናዬ ኪዮንዶ አርጅቶ ቀይ መስመሩ ደብዝዟል፤ ማንጠልጠያውም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል።

«እማ፣ አንዷን ብቻ። ጥሬዋን።»

«እጅሽን ሰብስቢ!»

«ማን ያየኛል?»

«ገብርኤል ያይሻል። ደግሞ ከሰው ሁሉ ይልቅ መጠበቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ። ወተቱን የጠጣሽው አንቺ ነሻ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለች ሊና፤ ታሪኩን እንደ መዝሙር በቃሏ ይዛዋለች። «ትምህርት ቤት እናትሽ ማን ናት ሲሉኝ ሦስት ናቸው ነው የምለው። ጤናዬ፣ ሀዎና ቡሬ። ቡሬን ሲስሉልኝ ቀንድ ያደርጉላታል።»

ጤናዬ ሳቀች። በአባቷ ቤት እሸት ሲደርስ በዕድሜ ትልቅ የሆነው ሰው ቀምሶ ሳይመርቅ ልጅ አይነካም ነበር። አባቷ ከሰላሌ ተነሥቶ እቃ ጭኖ ሞያሌ ድረስ የመጣ ሹፌር ነው፤ መጥቶም ቀረ። አገሩን ትቶ ይህን ልማድ ግን አልተወም። እሱ ሲሞት የመቅመሱ ተራ ለማን እንደሚሆን ጤናዬ ግራ ገብቷት ነበር። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግን ተራው የማን እንደሆነ ታወቀ።

ያን ጊዜ ሊና የሁለት ወር ልጅ ነበረች። ከተማው ውስጥ ተኩስ በተነሣ በሦስተኛው ቀን የገበያው መደዳ ተቃጠለ። ባሏ ታፈሰ ሱቁን አድናለሁ ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ማዶ፣ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ሲሮጥ ጤናዬ ጥይቱ የሚመጣው ከዚያ በኩል መሰላትና በተቃራኒው ወደ ምድረ በዳው ሮጠች። አንዴ በእግሯ፣ አንዴ በሚሸሹ ሰዎች መኪና ላይ ሆና ሁለት ቀን ሄደች። ዳበል የምትባል የከብት አርቢዎች መንደር አጠገብ አንድ ግራር ሥር ስትቀመጥ ጡቷ ደርቆ፣ ልጅቷ ማልቀስ ትታ ነበር። ቀኑን ስትቆጥር ሐምሌ ዐሥራ ዘጠኝ ሆነ። ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ከፈላው ውሃ ያወጣበት ቀን ነው። «እነሱን ያወጣህ እኔንም አውጣኝ» አለች።

የመጣችው ሀዎ ናት። ውሃ ልትቀዳ አህያ እየነዳች ስታልፍ አየቻት። የሀዎ ባል ጉዮ፣ የሸሸ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከየት ወገን እንደመጣ በሚጠየቅበት በዚያ ክፉ ሰሞን በሩ ላይ ቆሞ «ልጅ የታቀፈች ሴት አትጠየቅም» አለና ቤቱን ሰጣት። ቡሬ የምትባል፣ ሆዷ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት ላም በዚያው ሳምንት ወልዳ ነበር። አርባ ቀን ሙሉ ሊና የቡሬን ወተት ጠጣች። ጤናዬ ወደ ከተማ ስትመለስ ሀዎ በእንጨት ጭስ የታጠነች ጮጮ ውስጥ ወተት ሞልታ፣ ክዳኑ ላይ ለምለም ሣር አስራ ሰጠቻት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐምሌ ገብርኤል የጤናዬ ኪዮንዶ በቆሎ እሸትና ያችን ጮጮ ይዞ ዳበል ይወርዳል፤ ሀዎ ቀምሳ ትመርቃለች፤ ኪዮንዶው ጮጮዋን በወተት አስሞልቶ ይመለሳል። እዚያ አገር ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ባዶ ዕቃ ከቤት ከወጣ ላም ትነጥፋለች፣ ወዳጅነትም አብሮ ይደርቃል ብለው ያምናሉ። ጤናዬም ትወደዋለች ይህን ልማድ። የአባቷ አገር ሰውም ጎረቤት ያዋሰውን ወንፊት እንኳ ባዶ አይመልስም ነበር።

በቆሎውን ሞልተው፣ ጮጮዋንም ጨምረው ከዳገቱ ሲወርዱ ሻሪፍ ፕሮቦክስ መኪናውን አስነሥቶ እየጠበቃቸው ነበር። ሻሪፍ ከሞያሌ ዳበል እቃና ሰው የሚያመላልስ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው። ዛሬ ግን ኪዮንዶውን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«ማማ ሊና፣ ስጪኝና እኔ ላድርስልሽ። መንገዱ ገና ጭቃ ነው። አንቺ ደግሞ ዛሬ ማኅበር አለብሽ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አንተ አደረስክ። ዛሬ የገዛ እሸቴን በገዛ እጄ ነው የምሰጠው።»

«ፀሐዩ...»

«ሻሪፍ! አንተ ሰውዬ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ጭነህ ነው?»

ሻሪፍ በሩን ከፈተላት።

ሦስት ዓመት እውነት ነው። ድርቁ ሲጀምር የጤናዬ ማሳ መጀመሪያ ከከዱት አንዱ ነበር። እሷ ግን አልተሸነፈችም። ከደቡብ በጭነት መኪና የሚመጣ በቆሎ እሸት ከገበያ ገዝታ ላከች፤ የራሷ እንዳልሆነ ለገብርኤል ነግራ፣ ለሀዎ ግን ሳትነግር። ከብቱ መርገፉን ስትሰማ ደግሞ በዓመት አንዴ መላክ አነሳት። ትንሽ የእህል ሱቅ አላት። ዱቄትና ባቄላ በጎሮጎሮ፣ በዚያች በቆርቆሮዋ መስፈሪያ፣ እየሰፈረች ነው የምታድረው። ከዚያው እየሞላች በየወሩ በዐሥራ ዘጠኝ ኪዮንዶውን በሻሪፍ ትልካለች። ኪዮንዶውም በየወሩ ጮጮዋን በወተት አስሞልቶ ይመለሳል።

መጀመሪያ ደነገጠች። «ሻሪፍ፣ ከብቱ አላለቀም እንዴ?»

«አልቋል። ከአርባው ሦስት ቀርቷል።»

«ቡሬስ?»

«ቡሬ አለች።»

ቡሬ አለች! በዚያ ቀን ጤናዬ ሱቋን ዘግታ ድንበሩን ተሻግራ ማዶ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሰገደች። የዚያን ወር ማኅበር ላይ ወተቱን አቀረበችው። ማኅበርተኞቹ ስምንት ሴቶች ናቸው፤ ከደገኛ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ያላቸው። በዕድሜም በድምፅም ትልቋ እታለማሁ፣ የአልጋ ቤት ባለቤት፣ ሲኒዋን ከፍ አድርጋ «ከብት ባለቀበት ምድር ወተት! ይሄ ተአምር ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል?» አለች። አንድ አንድ ጉንጭ እየጠጡ «ተመስገን» አሉ። ጾም ሲሆን ለልጆቻቸው ይወስዱታል። ወሬው ሲሰማ የጎረቤት ሴቶችም ትንሽ አቅምሱን ማለት ጀመሩ።

«ዕቃሽ ጠበበ እኮ» አለች እታለማሁ አንድ ቀን እየሳቀች። «ገብርኤል ሊሰጥ ፈልጎ አንቺ በጮጮ ትሰፍሪበታለሽ?»

በቀጣዩ ወር ጤናዬ ከኪዮንዶው ጋር ዘይት የሞላ ቢጫ ጀሪካን ላከች። ዘይቱን የላከችው ለሀዎ አስባ ነው፤ ይህን ማንም አይወስድባትም። ግን ሱቋ ውስጥ የሦስት ሊትሩም የአምስቱም ጀሪካን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ እጇ ወደ አምስቱ ሄደ። ያን ጊዜ ለምን ብላ ራሷን አልጠየቀችም። ጀሪካኑ በወተት ከወገቡ በላይ ሞልቶ መጣ። ከዚያም በየወሩ።

ከመጋቢት ወዲህ ነው ኪዮንዶው መመላለሱ የቆመው። ሻሪፍ መጀመሪያ መኪናዬ ተበላሸ አለ፤ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ መንገዱ ተቆረጠ አለ።

ከአስፋልቱ ወጥተው በቀዩ አፈር ሲጓዙ ምድሩ አረንጓዴ መሆኑ ጤናዬን አስደሰታት። በየቁጥቋጦው ሥር ሣር ወጥቷል። ግን የሚበላው ከብት የለም። አልፎ አልፎ ሣሩ መሐል ነጭ አጥንት ብቅ ይላል፤ የጎድን አጥንት ቅስት፣ ቀንድ ያለው ራስ ቅል። ኬላው ላይ ወታደሩ ኪፓንዴዋን፣ መታወቂያዋን፣ አይቶ ሲመልስላት «በቆሎ ይሸታል፣ ማማ» አለ በስዋሂሊ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ትሰጠው ነበር። «ስመለስ» አለችው።

ሊና ከኋላ ተቀምጣ ለረምዚያ የሠራችውን የዶቃ አምባር ትፈታዋለች፣ መልሳ ታስረዋለች። ረምዚያ የሀዎ የልጅ ልጅ ናት፤ የሀዎ ልጅ የሊበን ልጅ። ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ሊና አይታት አታውቅም፤ ሻሪፍ ድሮ በስልኩ ያነሣትን ፎቶ ነው የምታውቀው። ጠጉሯ ተላጭቶ፣ አንድ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ።

«ሻሪፍ፣ እጇ ወፍራም ነው ቀጭን? አምባሩ እንዳይጠባት።»

ሻሪፍ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ እንጃ» አለ።

የሀዎ ሰፈር ጤናዬ የምታውቀው ቦታ ላይ አልነበረም። በረቱ የእሾህ አጥሩ ፈርሶ ባዶውን ቀርቷል። ከመንገዱ አጠገብ፣ ከብት ያለቀባቸው ሰዎች በጨርቅና በላስቲክ የሠሯቸው ጎጆዎች ተደርድረዋል። ሀዎ ከአንዱ ጎንበስ ብላ ወጣች። ጤናዬ መጀመሪያ ሌላ አሮጊት መሰለቻት። እኩዮች ናቸው፤ ሁለቱም ከሃምሳ ትንሽ አልፈዋል። የሀዎ አንገት ግን ገመድ ሆኗል።

«ሀዳ ሊና!» አለች ሀዎ፣ የሊና እናት ማለቷ ነው። አማርኛዋ ሴቷንም እንደ ወንድ ነው የሚያናግረው፤ ድሮ ጤናዬን የሚያስቃት ይህ ነበር። «ጠፋህ። ሦስት ዓመት ጠፋህ። ግባ።»

ተቃቀፉ። ሀዎ ሊናን ራሷን ይዛ ግንባሯን ሳመች፤ ከዚያ ራቅ አድርጋ ቁመቷን አየች፣ ትከሻዋን ዳሰሰች፣ ጉንጯን በሁለት ጣቷ ያዘች። እጇን ሳታነሣ ቆየች።

«ትልቅ ሆነች» አለች። «ጥሩ ሆነች።»

ጤናዬ ኪዮንዶውን እግሯ ሥር አስቀመጠች። «የራሴ ነው ዘንድሮ። ከሻምባዬ፣ ከገዛ ማሳዬ። ማንም አልቀመሰም፤ ይቺ ልጅ መንገዱን ሁሉ ምራቋን ስትውጥ ነው የመጣችው። አንቺን ነው የጠበቅነው።»

ሀዎ በቆሎውን አየችው። አላነሣችውም።

«ረምዚያ የት አለች?» አለች ሊና አምባሩን አንጠልጥላ። «ተኝታ ነው?»

ሻሪፍ ወደ መኪናው ሄዶ ጎማውን ማየት ጀመረ። ከጎጆው ጥላ ሊበን ተነሥቶ መጣ። ሊበን ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ማዶ የከብት ገበያ ድለላ ስለሠራ አማርኛው ከእናቱ ይሻላል።

«ረምዚያ የለችም» አለ። «ዝናቡ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሄደች።»

ጤናዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ወይኔ! ምን ነካት? ለምን አልተላከብኝም? ሻሪፍ! አንተ ታውቅ ነበር?»

ሻሪፍ ከጎማው ቀና ሳይል «ሀዎ አስምላኛለች» አለ።

«ፈጣሪ ነው የወሰዳት» አለች ሀዎ ቶሎ ብላ። «ድርቅ ነው። የብዙ ሰው ልጅ ሄደ። ሊበን፣ ውሃ ስጣቸው።»

«እናቴ አትነግርሽም» አለ ሊበን። «እኔ ልንገርሽ ማማ ሊና።»

«ሊበን!»

«ተይኝ እናቴ። ዘንድሮም ዕቃዋን ይዛ መጣች እኮ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የዳዶ፣ የሚስቴ፣ ጡት ደረቀ። ለሕፃኗ የቀረቻት ቡሬ ናት። ቡሬ በቀን የምትሰጠው አንድ ኩባያ ነበር። አንድ። የሻሪፍ መኪና ሊመጣ ሰባት ቀን ሲቀረው እናቴ ለጮጮሽ ወተት የሚጠራቀምበትን ቅል ታጥናለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ኩባያ ያንቺ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ። ረምዚያ ቅሉን እያየች ዱቄት በውሃ ትጠጣለች።»

«እኔ... እኔ አላወቅሁም።»

«ቆይ። ከዚያ ጀሪካኑ መጣ።»

«ጀሪካኑን የላክሁት ዘይቱን እንድትበሉት ነው!»

«በላነው። አላህ ይስጥሽ። ጀሪካኑንስ? ባዶውን እንመልስልሽ? እናቴ ግመል ያላቸው ሰዎች ጋ ሄዳ ለመነች። በዕድሜዋ ለምና የማታውቅ ሴት። ‹ለልጁ ነው?› ሲሏት ‹ለእንግዳ ነው› ትላለች። በኋላ ሲያዩዋት በር መዝጋት ጀመሩ። ለረምዚያ በእውነት ልትለምን ስትሄድም ዘጉባት።»

ጤናዬ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ሊና ቆማ ቀረች፤ አምባሩ ጣቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ለምን አንድ ቃል አላላችሁኝም?»

«ምን እንበልሽ? ዱቄቱን ተይ እንበልሽ?» ሊበን ሳቅ መሰል ነገር አፈነው። «ዱቄትሽ ነው ያኖረን። ይህን አልክድም። ዱቄትሽ ባይኖር ይቺ እናቴም የለችም። ግን ሻሪፍ በየወሩ ምን እያለ ነበር የሚመጣው? ‹ማማ ሊና ታመሰግናለች። ሴቶቹ ሁሉ ጠጥተው አመሰገኑ። ተአምር ነው ይላሉ።› እናቴ ይህን ሰምታ እንዴት ባዶ ዕቃ ትላክ? ተአምር ከተባለ በኋላ ማን ያቆመዋል?»

ጤናዬ ታሰባት። ቃሉ የራሷ ነው። ሻሪፍን መስኮቱ ላይ ተደግፋ «እንዲህ በላት፣ አደራ፣ እንዲህ በላት» ትለው የነበረው እሷ ናት።

«የመጨረሻው መቼ ነው?» አለች ሊና ድንገት። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«ምኑ?»

«የመጨረሻው ወተት።»

ሊበን ልጅቷን አየና ፊቱን መለሰ። ጤናዬ ግን መልሱን አወቀችው። የየካቲቱ ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ሴቶቹ አልጠጡትም። ጀሪካኑን እሷ ለጎረቤት ልጆች አከፋፈለችው፤ ጮጮዋን ሊና ለሁለት ቀን ብቻዋን ጠጥታ ጨርሳታለች፤ ታችኛውን በጣቷ ጠርጋ እስከምትልስ ድረስ። ሊናም አወቀችው። አምባሩን ቀስ ብላ ከጣቷ አወጣችና እጇ ውስጥ ጨበጠችው።

«ቡሬስ?» አለች ጤናዬ።

«ከረምዚያ በኋላ በሳምንቷ ወደቀች» አለች ሀዎ። «እንዳትነጥፍ ብዬ ነበር። ዕቃ ባዶ ስለማይሄድ፣ እኔ ሁልጊዜ ሞላሁ። ሞላሁ እንጂ?» ይህን ያለችው እንደ ልጅ ነው፤ አጠፋሽ ወይስ አላጠፋሽም የሚላት እንደምትፈልግ።



ዳዶ ከጎጆው ሳትወጣ እሳት ስትቆሰቁስ ይሰማል። በመጨረሻ ሀዎ ተነሥታ ከኪዮንዶው አንድ በቆሎ አወጣች፣ ቅርፊቱን ላጠች፣ ገብታ ፍም ላይ አደረገችው፤ እነሱም መግቢያው ላይ ተቀመጡ። ሲጠበስ ሽታው ጎጆውን ሞላ። ጤናዬ ለዚህች ሰዓት ነበር ሦስት ዓመት የጠበቀችው። ሀዎ ቀምሳ እጇን ወደ ላይ ትዘረጋለች፤ ማሳው እንዲሰፋ፣ ሊና እንድታድግ፣ ዝናብ እንዲዘንብ በቋንቋዋ ትመርቃለች፤ ጤናዬም አሜን ትላለች። ዘንድሮ ሀዎ ጥቂት ፍሬ ፈልፍላ አፏ ውስጥ ጨመረች። ቀስ ብላ፣ ብዙ ጊዜ አኘከች። ዋጠች። እጇ ግን ጭኗ ላይ ቀረ።

«ጥሩ ነው» አለች። «ብሉ እናንተም። ከእንግዲህ እኔን አትጠብቁ።»

ጤናዬ ከልማዱ የተለቀቀች ይሁን ከወዳጅነቱ የተቆረጠች አልታወቃትም።

ሀዎ በቆሎውን ሁሉ አራግፋ፣ ጮጮዋንም አውጥታ አስቀምጣ፣ ኪዮንዶውን ይዛ ተነሣች። ጎጆውን ዞረች። ከጣሪያው ሥር ላስቲኩን ገልጣ አየች፣ ሣጥን ከፈተች፣ ዘጋች። ጤናዬ ምን እየፈለገች እንደሆነ ሲገባት ዘላ ተነሣች።

«ሀዎ፣ ተይ።»

«ቆይ። የሆነ ነገር አለ።»

«ባዶውን ስጪኝ።»

ሀዎ ዞረች። «ባዶ ዕቃ ይሰጣል?»

«ባዶውን ስጪኝ። እለምንሻለሁ።»

«እኔ ለሰው ባዶ ዕቃ ሰጥቼ አላውቅም። ጉዮ በሞተ ቀን እንኳ አልሰጠሁም።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የምለምንሽ። ጮጮዋም ያንቺው ናት፤ እዚሁ ትቅር። ላም ስታገኙ ለራሳችሁ እለቡባት።»

ሀዎ ልጇን አየች። ሊበን መሬቱን እያየ ነበር። ከዚያ ኪዮንዶውን ገለበጠችና አንድ ሁለቴ አራገፈችው፤ ጥቂት የበቆሎ ጸጉር ወደቀ። በሁለት እጇ ይዛ ለጤናዬ ሰጠቻት። ስትሰጣት ዐይኗን አላየቻትም።

ሊና መኪናው ውስጥ ከመግባቷ በፊት ተመልሳ አምባሩን ለዳዶ በጎጆው መግቢያ አስቀመጠችላት። ዳዶ አልወጣችም።

በመንገዱ ላይ ሻሪፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ብነግርሽ ዱቄቱን ታቆሚያለሽ ብላ ነው የፈራችው። ደግሞ...» ተወው። ኬላው ላይ ያ ወታደር ጎንበስ ብሎ ኪዮንዶውን አየና «ጨረስሽው?» አለ። ጤናዬ ራሷን ነቀነቀች።

ማኅበርተኞቹ ከቀትር በኋላ ደረሱ። ዛሬ ተራው የጤናዬ ነው፤ ጎረቤቷ ሚሚ ጠዋት የተቆረጠውን ሌላ እሸት ቀቅላ በትሪ ደርድራዋለች። የሀዎን መቅመስ እየጠበቁ ስለነበር አንድም ሰው አልነካውም። ሲኒዎቹም ታጥበው ተደርድረዋል። ጤናዬ ስትገባ እልል አሉ።

«ሀዎ ቀመሰች?» አለች እታለማሁ።

«ቀመሰች።»

«ተመስገን! ሦስት ዓመት ሙሉ ያልቀመስነውን! እንግዲህ ወተቱን አምጪዋ፤ ቅዳሜ ነው፣ የምንጾመው የለም።»

ጤናዬ ኪዮንዶውን ትሪው አጠገብ አስቀመጠችው። ባዶ ስለሆነ አፉ ተጣጥፎ ወደቀ። እታለማሁ እጇን ሰዳ ጮጮዋን ፈለገች፤ የባዶውን ቅርጫት ዙሪያ ዳሰሰች።

«የት አለ?»

ጤናዬ ነገረቻቸው። ሳትጨምርና ሳትቀንስ፣ ሰባቱን ቀን፣ ግመል ያላቸውን ሰዎች፣ በሩን፣ ጀሪካኑን። ጀሪካኑን ማን እንዳሰበው አልተናገረችም። እታለማሁ ግን ቀላች።

«እኛ ምን አውቀን» አለች። «በደስታ የሰጡትን...»

«በደስታ አልነበረም።»

«እንግዲህ ያላወቁትን ኃጢአት...»

«እታለም፣ እባክሽ።»

አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ ሌላዋ «ስሟ ማን ነበር?» አለች። ጤናዬ ነገረቻት። ሙስሊም ናት፣ በጸሎታቸው ስሟን ማንሣት ይችሉ እንደሆን አላወቁም፤ ጠያቂዋም አፏ ውስጥ ይዛው ቀረች። ማኅበሩ ሲዘጋ የሚባለውን ምስጋና የምታስጀምረው ሁልጊዜ እታለማሁ ናት። ዛሬ ግን አላስጀመረችም። የታጠበውን ሲኒ አንሥታ ወደ ውስጡ ስታይ ቆየችና በአፉ ደፍታ አስቀመጠችው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ሲኒያቸውን ደፉ።

ሲሄዱ በቆሎው ትሪው ላይ በርዶ ነበር። ጤናዬ ኪዮንዶውን ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ነገ ከሱቁ ዱቄት መላክ አለባት፤ ሀዎ ዱቄት ትፈልጋለች። በምን እንደምትልከው ግን አታውቅም። በጆንያ? ጆንያም ዕቃ ነው። በወረቀት ከረጢት? የሚቀደድ፣ የሚጣል፣ ማንም መልሱ የማይለው ነገር አሰበች።

ሊና ደጃፉ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ብዪ እንግዲህ» አለቻት ጤናዬ ትሪውን አቅርባ። «ሀዎ ብሉ ብላለች።»

ሊና አንዱን አነሣች። በጥፍሯ ፍሬውን ተጫነችው፤ ተቀቅሎ ስለደረቀ ምንም አልረጨም። መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

«ነገ እበላለሁ» አለች።